የማይበቅል ዘር ከቶሪኖ

አዋሳ፣ ኅዳር 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ገብረየስ፣ ቶሪኖ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከእህትዎ ከጥሩወርቅ ጀምሮ እስከ ግቢው ውሻ ድረስ ደህና ነን። ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የጎደለብን ነገር የለም። አምላክ በሰው አገር ሞገስ ይሁንዎ፤ እጅዎ የነካው ሁሉ ይባረክ፤ የምቀኛ ዓይን አይይዎ። ይህን የሚያስጽፈው የእህትዎ ባል በላይነህ ነው።

እስከዚህ ድረስ የአባዬ ቃል ነው። ስኳር ከጠፋ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ሳሙናም እንደዚያው። ነገር ግን «የጎደለው ናፍቆት ነው ብለሽ ጻፊ፤ ደብዳቤውን ማን እንደሚከፍተው አይታወቅም» ብሎኛል። እኔ ሙሉጌጥ ነኝ። ሲሄዱ አራት ዓመቴ ነበር፤ አሁን ዘጠነኛ ክፍል ነኝ። እማዬ በመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት ካገኘች ወዲህ ከቤት የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ ካላነበብኩ ትላለች። ፊደል በፊደል ስለምታነብ አንደኛው ገጽ ላይ ይደክማታል። ስለዚህ ቁም ነገሩን ገልብጠው ያንብቡ።

አሁን ሁለተኛው ገጽ ላይ ነን። አባዬ በመሥሪያ ቤቱ ጋራዥ መኪና ያጥባል። ለእርስዎ ግን «የተሽከርካሪ ንጽሕና ክፍል ኃላፊ» ተብሎ እንዲጻፍ ይፈልጋል። ክፍሉ እሱና አንድ ባልዲ ናቸው። ዘንድሮ ለሥራ አስኪያጁ ለጓድ ግዛቸው አዲስ ጥቁር ፔጆ መጣላቸው፤ ጣጣው የጀመረው ያኔ ነው። ነጭ ላንድሮቨር ሲነዱ ማንም ምንም አላየም። ጥቁሩ ፔጆ ግን በጋራዡ የጉድጓድ ውሃ ታጥቦ ሲደርቅ ጅግራ ይመስላል፤ ከላይ እስከ ታች ነጭ ነጠብጣብ። ጓድ ግዛቸው በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው፣ «በላይነህ፣ ይሄ ነገር ሆን ተብሎ ነው?» አሉት።

«ጌታዬ፣ ውሃው ነው» አለ አባዬ።

«ጌታዬ ብሎ ነገር የለም፤ ጓድ በል። ውሃውስ ከማን ጋር ተመሳጥሮ ነው?»

በመስከረም 77 የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ይከበራል። እስከዚያ ነጠብጣቡ ካልጠፋ በአባዬ ማኅደር ላይ «አሻጥር» የሚል ቃል እንደሚገባ ነግረውታል። እዚህ ያ ቃል የተጻፈበት ሰው ከሥራ ብቻ አይቀርም፤ ከቤትም ይቀራል። አባዬ ደግሞ ደንግጦ ለጋራዡ ሰው ሁሉ «የባለቤቴ ወንድም በጣልያን አገር የመኪና ፋብሪካ ላቦራቶሪ ኃላፊ ነው፤ መድኃኒቱን ይልክልኛል» ብሎ አውጇል። እባክዎ የመኪና ነጠብጣብ መድኃኒት ይላኩልን። እማዬ ደግሞ ነጭ ካፖርት የለበሱበትን ፎቶግራፍ ትፈልጋለች። ጎረቤታችን እትዬ ሽታዬ፣ የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር፣ ላቦራቶሪ የሚባለውን አላምንም ብላታለች።

የእህትዎ ልጅ ሙሉጌጥ


ቶሪኖ፣ ጥር 8 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለውድ የእህቴ ልጅ ለሙሉጌጥ

ሰላምታዬ ይህን ሁሉ በረዶ አልፎ በጤና ይድረስሽ። እህቴን እጇን ሳሚልኝ። ለበላይነህም የአክብሮት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

ከሁሉ አስቀድሞ የምጠይቅሽ አለ። ያንቺ ደብዳቤ ፖስታው ሁለት ጊዜ የታሸገ ነበር። አንዱ ሙጫ ያንቺ ነው፤ ሌላኛው የማን ነው? ደግሞስ በላይነህ በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም፤ ዛሬ ሲጠይቀኝ ኬሚካል ነው። እውነት ለመኪና ነው? አልጠረጠርኩም፤ ጠየቅኩ እንጂ።

መድኃኒት የሚባል ነገር የለውም። ነጠብጣቡ ቆሻሻ አይደለም፤ ውሃው ሲተን ትቶት የሚሄደው ጨው ነው። በደረቅ ጨርቅ ከፈተጋችሁት ቀለሙን ትጭሩታላችሁ። የሚያስፈልጋችሁ ጨው የሌለበት ውሃ ነው። በላይነህ የባትሪ ውሃ ያውቃል፤ እንደዚያ ያለ ነው። ያንን በጠርሙስ እየገዙ መኪና ማጠብ ግን ያደኸያል። ስለዚህ እዚያው ሥሩት።

ክንድ ተኩል የሚረዝሙ ሁለት የፕላስቲክ ቱቦዎች ፈልጉ፤ የተጣለ የመስኖ ቱቦ ይሆናል። የታችኛውን አፍ በናይሎን ካልሲ አስራችሁ የምልከውን ፍሬ ሙሉባቸው። ሬዚን ይባላል፤ ወደዚያ በምትመጣ አንዲት መነኩሴ እጅ ሁለት ከረጢት ልኬያለሁ። ቡናማው ለመጀመሪያው ቱቦ፣ ቢጫው ለሁለተኛው ነው። ጣራ ላይ በርሜል ስቀሉና ውሃው በመጀመሪያው፣ ቀጥሎ በሁለተኛው ቀስ እያለ ይውረድ። ፍሬው እንዳይደርቅ፣ እርጥብ ይቆይ!

በዚህ ውሃ መኪናውን እንዳታጥቡበት። በጉድጓዱ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ካለቀ በኋላ ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ብቻ ነው፤ እንደዚያ ከሆነ አንድ ባልዲ ይበቃል፣ ፍሬውም ቶሎ አይደክምም። ከጣሪያው ጀምራችሁ ወደታች አውርዱ። ሞተሩ ከሞቀ ኮፈኑ በሦስት ደቂቃ ይደርቅባችኋል፤ ስለዚህ መኪናው ሳይነዳ በጠዋት ይታጠብ። በበሩ እጀታ ሥር የሚደበቀው ውሃ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው የሚወርደው፤ እፍ በሉበት።

የፎቶግራፍ ማንሻዬ ተበላሽቷል።

ገብረየስ


አዋሳ፣ መጋቢት 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለአቶ ገብረየስ

እንደምን ከረሙ? እኛ ደህና ነን። አባዬ «ለተከበሩ የሚለው ለጊዜው ይቅር» ብሏል። ምክንያቱን ገልብጠው ያገኙታል።

ከረጢቶቹ ደረሱ። እማዬ እንዳይደርቅ ተብሏል ብላ ቢጫውን በሳፋ ውሃ ዘፍዝፋ ግቢ ውስጥ አኖረችው። እትዬ ሽታዬ በአጥር ላይ አየቻት። ይቺ ሴት ከአጥራችን በላይ አንገት የሠራላትን ፈጣሪ በየቀኑ የምታመሰግን ይመስለኛል።

«ጥሩዬ፣ ይሄ የምን ዘር ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። ወንድሜ ነው የላከው፤ እንዳይደርቅ ብሏል።»

«እንዳይደርቅ ከተባለማ ዘር ነው! ሽታውስ፣ የዓሣ ሽታ! ማዳበሪያው አብሮት ነው። ምርጥ ዘር በግል ቤት ደብቆ መያዝ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ?»

እማዬ ምን እንደሚባል ታውቃለች። በነጋታው የቀበሌው የአትክልት ኮሚቴ ሳፋውን ተሸክሞ ሄደ። ቡናማውን የነቀዘ ምስር መስሏቸው ተዉልን። ቢጫውን ግን ከታቦር ተራራ ሥር ባለው የቀበሌ አትክልት ቦታ በሦስት መደብ ዘሩት። ይኸው ሃያ ቀን ጠዋትና ማታ ያጠጡታል። የኮሚቴው ሰው አቶ ሙህዲን በየቀኑ ጎንበስ እያሉ ያዩና «የጣልያን ዘር ሰነፍ ነው» ይላሉ። ትናንት ፍግ ጨመሩበት። እኔ እውነቱን ልናገር ስል አባዬ አፌን ያዘኝ፤ ዘር አይደለም ካልን ታዲያ ምንድነው ሊባል ነው። ዘር ይሻለናል አለ።

አባዬ መጠበቅ ስላቃተው ቡናማውን ብቻ በአንድ ቱቦ ሞልቶ ውሃ አወረደበት። ሲቀምሰው ፊቱ እንደ ጨርቅ ተጨመደደ።

«ሎሚ ነው! ጥሩወርቅ፣ ወንድምሽ አሲድ ላከልኝ! የፔጆው ቀለም ሲላጥ የሚታሰረው እሱ አይደለ!»

«ወንድሜ ካንተ ፔጆ ጋር ምን ጠብ አለው?»

«ስንጋባ አልወደደኝም።»

«ስንጋባ ያኮረፈው ቁርጡ ሳይደርሰው ስላለቀ ነው።»

ሁለቱ ይህን ሲከራከሩ ዋሉ። ጓድ ግዛቸው ደግሞ ሰኞ ዕለት በፔጆው ዙሪያ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ሦስት ጊዜ ዞሩና ሄዱ። አባዬ ከዚያ ወዲህ እራት አይበላም። ከተቻለ ሌላ ቢጫ ይላኩልን።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ አልጠረጠርኩም፣ ጠየቅኩ እንጂ። የላቦራቶሪ ኃላፊ በበር እጀታ ሥር የሚደበቀውን ውሃ የት ተዋወቀው?

ሙሉጌጥ


ቶሪኖ፣ ግንቦት 2 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለሙሉጌጥ

ጤና ይስጥልኝ። አይበቅልም! በፍግም፣ በዝናብም፣ በኮሚቴም አይበቅልም። ደግነቱ አይበሰብስምም።

ሌላ ቢጫ መላክ አልችልም። ለምን እንዳትይኝ። መሬት ውስጥ ያለውን ልቀሙትና እጠቡት። ውሃው የኮመጠጠው ሁለተኛው ቱቦ ስለሌለ ነው፤ ቡናማው አንዱን የጨው ክፍል ይይዛል፣ የቀረውን መጣጣ የሚይዘው ቢጫው ነው። አንዱ ያለ ሌላው መኪናውን ይጎዳል። ይህን ለበላይነህ ንገሪው፤ ስለ ሠርጉ ቁርጥም ይቅርታ አድርጌያለሁ በይው።

ፍሬዎቹ ጨው ጠግበው ሲደክሙ አይጣሉም፣ ይታደሳሉ። ቡናማው በውሃ በቀጠነ የባትሪ አሲድ ይዘፈዘፋል፤ ቢጫው ሳሙና ሠሪዎች በሚገዙት ኮስቲክ ሶዳ፣ እሱም በብዙ ውሃ ቀጥኖ። ከዚያ ለየብቻቸው በደንብ ይለቅለቁ። አሲዱ ውሃው ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃው አሲዱ ላይ አይፈስስም። ይህን ሥራ አንቺ እንዳትነኪው። አሲድ የለመደ የጋራዥ ሰው ይሥራው። ሲያልቅ ከውሃው አንድ ጠብታ መስተዋት ላይ አድርቁ። የጠብታው ቦታ ከጠፋችሁ ውሃው ደርሷል።

ያንን ጥያቄ ጠይቂው ብሎ ያዘዘሽ ማን ነው? በላይነህ ነው? የቀበሌው ሰው ነው? ላቦራቶሪ ውስጥም መኪና አለ። መኪና ባለበት የበር እጀታ አለ።

ገብረየስ


አዋሳ፣ ሐምሌ 15 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ገብረየስ

በጤና ይቆዩልን። ክረምቱ ገብቷል፤ ሐይቁ ሞልቷል፤ እማዬ ትስምዎታለች። ይህን ደብዳቤ በመነኩሲቷ እጅ ስለላክሁት ሙጫው አንድ ብቻ ነው።

እሑድ የቀበሌው የአትክልት ዘመቻ ነበር። ማንም ሳይጠራኝ ወንፊት ይዤ ሄድኩና ሦስቱን መደብ እንዳለ ነፋሁት፤ «አፈሩን ከድንጋይ ላጥራው» ብዬ። እትዬ ሽታዬ በስብሰባ መሃል «እንደ ሙሉጌጥ ያለ የነቃ ወጣት ይብዛልን» ብላ አስጨበጨበችልኝ። የነቃሁት ወጣት ቢጫ ፍሬ በቀሚሴ ኪስ ሞልቼ ቆሜ ነበር። ከሦስት እጅ ሁለቱን ያህል አገኘሁ። አቶ ሙህዲን ባዶውን መደብ አይተው «ድሮም አላምነውም ነበር» አሉ።

ማደሱን የሠራው መካኒኩ ማቴዎስ ነው። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ከሰው ጋር ብዙ አያወራም፤ የሚያወራው ከቧንቧ ጋር ነው። አሲዱን ለባትሪ ከሚቀዳው ላይ አተረፈ። ካልሲው የእማዬ የሠርግ ካልሲ ነው፤ አልቅሳ ሰጠች። በርሜሉ ጣራ ላይ ወጣ፤ ውሃው በመጀመሪያው ወርዶ፣ በሁለተኛው ወርዶ ባልዲ ውስጥ ገባ። አባዬ ቀመሰ። «ምንም አይልም» አለ። «ምንም ካላለ ጥሩ ነው» አለ ማቴዎስ፤ የሳምንቱ ንግግሩ ይኸው ነበር። በመስተዋት ላይ አንድ ጠብታ አደረቅን። የት እንዳደረቅነው ተጨቃጨቅን። ጠፋን!

በነጋታው ጠዋት ፔጆው ታጠበ፤ ለቅለቅ ተደረገ፤ ደረቀ። ጋሼ፣ በኮፈኑ ላይ ደመናው ሁሉ ይታይ ነበር። አባዬ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጓድ ግዛቸውን ጠበቀ። መጡ፤ አዩ፤ ጎንበስ ብለው ከሥሩም አዩ። አንድ ነጠብጣብ ቢያገኙ ኖሮ ደስ የሚላቸው ይመስል ነበር።

«በላይነህ፣ እስከ ትናንት ያልጠፋ ነገር ዛሬ በምን ጠፋ?»

«በውሃ ነው ጓድ።»

«ትናንት ጥፋቱ የውሃው ነው ስትል ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ጀግናው ውሃው ሆነ? ጣራው ላይ ያለው ምንድነው?»

ኬሚካል የሚል ቃል ከማን አፍ እንደወጣ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ ግን ከሁሉም አፍ ወጣ። ከጣልያን የመጣ ኬሚካል፤ የፋብሪካ ላቦራቶሪ ኃላፊ የላከው፤ ለአንድ አጣቢ፤ በነፃ። ይህ ሰው ማን ነው? ለምን ይልካል? በምትኩ ምን ይላክለታል? አባዬ ለዓመት የፎከረው ሁሉ ተሰብስቦ መጥቶ በራሱ ላይ ተቀመጠ። በጳጉሜን 2 የመሥሪያ ቤቱና የቀበሌው ኮሚቴ አንድ ላይ ይሰበሰባሉ። እርስዎ ማን እንደሆኑ የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ወረቀት ካልቀረበ አባዬ «ከውጭ ኃይል ጋር ግንኙነት» ተብሎ ለምርመራ ይሰጣል። ከዚህ በፊት ለምርመራ የተሰጡትን የማቴዎስን ወንድም እስካሁን እየጠበቅናቸው ነው።

ስለዚህ ይንገሩኝ። የላኩት ፍሬ አዲስ አልነበረም፤ ከከረጢቱ ሥር የሳሙና አረፋ ቅሪት ወጣ። የጥር ደብዳቤዎ ጥግ ላይ የእርጥብ አውራ ጣት አሻራ አለ። ከጣሪያ ጀምሩ፣ በጠዋት ይታጠብ፣ እፍ በሉበት... ጋሼ፣ ይህን የሚያውቅ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው፤ እሱም እራት ሳይበላ እያደረ ነው።

ሙሉጌጥ


ቶሪኖ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለሙሉጌጥ

ያንቺን ደብዳቤ በሥራ ልብሴ ሆኜ አነበብኩት።

ትምህርቱን በሁለተኛው ዓመት ተውኩት። ደሃ ሆኜ መመለስ አፈርኩ፤ ቀጥሎ አብዮቱ መጣና መመለስ ፈራሁ። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ ላቫጆ ውስጥ መኪና ሳጥብ። ፋብሪካ የሚባለውን ከውጭ ነው የማውቀው፤ ሠራተኞቹ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናቸውን ያመጡልናል። ፍሬው አለቃችን አርጅቷል ብሎ ሊጥለው የነበረ ነው፤ ለምኜ ወሰድኩት። ላቦራቶሪ የሚለውን ቃል እኔ አልጀመርኩትም፤ እህቴ በአንድ ደብዳቤ ጠየቀችኝ፣ እኔም አላረምኳትም።

ማኅተም ያለበት ወረቀት ካልሽኝ ያለኝ የደመወዝ ወረቀቴ ብቻ ነው። ምን ሥራ እንደምሠራ ይገልጻል። አብሬ አስገብቼዋለሁ። ላቦራቶሪ ጠብቀው ይህን ሲያዩ አባትሽን ውሸታም ይሉት ይሆናል። ምናልባትም ከዚያ ይከፋ ይሆናል። እዚያ ምን ቢታይ እንደሚሻል ከዚህ ሆኜ መፍረድ አልቻልኩም። አንቺ ካየሽው በኋላ ወይ አቅርቢው፣ ወይ ቅደጂው።

ገብረየስ


አዋሳ፣ መስከረም 5 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለጋሼ

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በጤና አደረሰዎ! ዛሬ አንደኛ ገጽ፣ ሁለተኛ ገጽ የለም።

ወረቀትዎ የደረሰው በነሐሴ 30 ነው። አምስት ጊዜ አጥፌ ዘረጋሁት። ከዚያ ለአባዬ ብቻ አሳየሁት። ጣልያንኛውን አላነበበም፤ የበሩ እጀታ ነገር ድሮም ሲከነክነው ነበርና የእኔን ፊት አነበበና «ላቫጆ?» አለ። አዎ አልኩት። ወጥቶ ግቢው ውስጥ ሲንጎራደድ ቆየ። ሲመለስ «ስጪያቸው» አለ። «ከዚህ ወዲያ በማላውቀው ነገር አልታሰርም።»

በጳጉሜን 2 እማዬም መጥታ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ልናስቀራት ብንል እምቢ አለች። ጓድ ግዛቸው ወረቀቱን ገለበጡት፤ ማኅተሙን በጥፍራቸው ፈተጉት፤ አልለቀቀም። ጣልያንኛ የሚያነብ ተፈለገ። አቶ ሙህዲን በጣልያን ጊዜ በመንገድ ሥራ ላይ ስለነበሩ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ገብረየስ... አዎ፣ ስሙ አለ። ሠራተኛ ይላል። ላቫጆ ይላል።»

«ላቫጆ? ላቦራቶሪ ነበር የተባለው!» አሉ ጓድ ግዛቸው።

«እኔ ያየሁትን ነው የማነበው ጓድ። መኪና አጣቢ ነው።»

 እኔ ወደ እማዬ ዞሬ ማየት አልቻልኩም። አባዬ ተነሣና «እውነት ነው፤ ባሳፍራችሁም እውነት ነው። እኔ እዚህ የምሠራውን እሱ እዚያ ይሠራል። የላከልኝም አለቃው ሊጥለው የነበረውን ነው። ላቦራቶሪ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ።

ጓድ ግዛቸው አፋቸውን ከፈቱ። ምን ሊሉ እንደነበር አናውቅም፤ እትዬ ሽታዬ ቀደመቻቸው።

«ታዲያ ላብ አደር ነዋ!» አለች፤ እጇን አወዛውዛ። «በካፒታሊስት አገር የሚበዘበዝ የኛ ላብ አደር! ጌታው ሊጥለው ያለውን ነጥቆ ለአገሩ ላብ አደር ላከ። ይሄ አሻጥር ከተባለ ትብብር የሚባለው የትኛው ነው?»

ሰው አጨበጨበ። እሷ ሰው ሲያጨበጭብላት አታቆምምና ሌላ ግማሽ ሰዓት ተናገረች። ጓድ ግዛቸው ለላቦራቶሪ ኃላፊ ያዘጋጁትን ክስ ለአጣቢ ማንበብ አልሆንላቸው አለ፤ ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። በቃለ ጉባኤው «የሠራተኞች የፈጠራ ሥራ» ተብሎ ተመዘገበ። በአባዬ ማኅደር ውስጥ የገባው ይኸው ነው። ማቴዎስን ማንም አልጠቀሰውም፤ እሱም በዚህ ደስ ብሎታል።

በመስከረም 2 ፔጆው ከሰልፉ ፊት ሄደ፤ በኮፈኑ ላይ ባንዲራው ሁሉ ተገልብጦ ይታይ ነበር። ጓድ ግዛቸው አሁንም ጠዋት ጠዋት ይዞሩታል። አንድ ቀን እንደሚያገኙት እርግጠኛ ናቸው።

እማዬ ሦስት ቀን ማንንም አላናገረችም። እኔንም፣ አባዬንም፣ እትዬ ሽታዬንም። ከዚህ በታች አባዬ እያስጻፈኝ ነው፤ «ለተከበሩ» የሚለውን ላስገባ ስል «ተይው እሱን» አለኝ።

ገብሬ፣ እንዴት ነህ? የጎን መስተዋቱ ሥር የሚቀረው ውሃ እምቢ ብሎኛል፤ እፍ ብልበትም ተመልሶ ይወርዳል። አንተ እንዴት ታደርገዋለህ? ጨርቅ ነው ወይስ የሆነ ዘዴ አለህ? ደግሞ ጎማውን በመጀመሪያ ነው የምታጥበው በመጨረሻ? እዚህ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም። በላይነህ።

ደብዳቤውን ላሽገው ስል እማዬ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደች። የሚከተለው የእሷ እጅ ነው፤ ለመጻፍ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈጅቶባታል።

ወንድሜ ገብረየስ በዚያ ብርድ ቀኑን ሙሉ እግርህ ውሃ ውስጥ ነው ለካ። የበላይነህን ጣቶች ስለማውቅ ነው። ማታ ማታ እጅህን ቅባት ቀባው። ካልሲ ሁለት ደራርብ።